በለቡ የቆጠርኳት ቤት

በ1999 ዓ.ም. ግንቦት ወር ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ተመልምዬ የሕዝብና ቤት ቆጣሪ ሆንኩ። የደረሰኝ የቆጠራ ቦታ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ለቡ ነበር። የቆጠራ ቦታ የምንለው በካርታ ተከልሎ ለአንድ ቆጣሪ የሚሰጥ፣ ከ150 እስከ 200 ቤተሰብ የሚይዝ ቁራሽ ሰፈር ነው። የእኔ ቁራሽ ግን ሰፈር አይመስልም። ከአስፋልቱ እንደወረድኩ እግሬ ማሳ ረገጠ። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ አድሮ ስለነበር ዋልካው ጫማዬን እየያዘ አስቸገረኝ። ሦስተኛው ቤት ስደርስ ጫማዬን በአንድ እጄ፣ በፌስታል የጠቀለልኩትን ቅጽ በሌላው እጄ ይዤ ነበር።

በዚያን ቀን ጠዋት ከገባሁባቸው ቤቶች አንዷ የአኮ ቤት ናት። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሁ ስለሚጠራቸው እኔም በዚያው ቀረሁ። ስማቸውን አልጽፍም። ቅጹን ስንሞላ "የሚነግሩኝ ሁሉ በምስጢር ይጠበቃል" ብዬ ቃል ገብቻለሁ፤ ቃሉ ዛሬም እንደጸና ነው። ስለ ቤታቸው እንድጽፍ ግን ራሳቸው ፈቅደውልኛል።

አኮ ደጃፋቸው ላይ ሽምብራ ያበጥሩ ነበር። መጀመሪያ እግሬን እንድታጠብ ውኃ አስመጡልኝ፤ ከዚያ ከቤት አስገብተው መደብ ላይ አስቀመጡኝ። ስንት ሰው ይኖራል፣ ዕድሜው ስንት ነው፣ ማን ተምሯል፣ ማን ሞቷል፣ ማን ተወልዷል እያልን ሄድን። የቤቱ ጥያቄ ላይ ስንደርስ፣

"አኮ፣ ግድግዳው ከምን የተሠራ ነው?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ተደግፈሽው ተቀምጠሽ ትጠይቂኛለሽ?" ብለው ሳቁ።

እንጨትና ጭቃ ብዬ ሞላሁ። ጣራው ቆርቆሮ። ወለሉ አፈር። ከዚያ የክፍሉ ብዛት፣ ማብሰያው፣ መጸዳጃው፣ ውኃው፣ መብራቱ፣ ሬዲዮ መኖር አለመኖሩ። ሁሉም በየሳጥኑ ውስጥ በእርሳስ የሚጻፍ ቁጥር ሆነ። ቅጹን አጥፌ ልነሳ ስል፣

"አለቀ?" አሉኝ።

"አለቀ፣ አኮ።"

"ኡቱባውን አልጻፍሽውም እኮ" አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ቤቱ መሃል እያሳዩኝ።

ኡቱባ ምሰሶ ነው። ከወለሉ ተነሥቶ ጣራውን የተሸከመ፣ በእጅ ብዛት የጠቆረ፣ ቅቤ የተቀባ የሚመስል የወይራ ግንድ ነበር። ተነሥቼ ዳሰስኩት። ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ አንድ ጣት የሚያስገባ ጥልቀት ያለው ጠረብ ዙሪያውን ከቦታል። "ምንድን ነው ይሄ?" ስላቸው "የጥጃ ገመድ ነው" አሉኝ። በቅጹ ላይ ለምሰሶ የሚሆን ሳጥን አልነበረም። ተሰናብቼ ወጣሁ። ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም።

በዚያው ቅጽ ላይ ሌላም ነገር ነበር፣ ያን ጊዜ ልብ ያላልኩት። ከላይ የክልሉ ስም አዲስ አበባ፣ ክፍለ ከተማው ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ የቦታው ዓይነት ደግሞ ከተማ ይላል። ከዓመታት በኋላ የታተመውን ውጤት ከቀደመው ጋር ሳስተያይ ነው የገባኝ። በ1987ቱ ቆጠራ አዲስ አበባ 2,112,737 ሰው ነበራት፤ ከዚህ ውስጥ 28,149ኙ የገጠር ነዋሪ ተብሎ ተመዝግቧል። በከተማዋ ወሰን ውስጥ እያሉ በገበሬ ማኅበር ታቅፈው የሚያርሱ፣ ከብት የሚያረቡ ሰዎች ናቸው። በ1999ኙ ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 2,739,551 ሲደርስ አንድም የገጠር ነዋሪ አልተመዘገበባትም። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ብቻውን 316,283 ሰው ይዞ ሙሉ በሙሉ ከተማ ሆነ።

ቆጠራው ተሳስቷል ማለቴ አይደለም። ወሰኑ የከተማ ነው፣ አስተዳደሩም የከተማ ነው፤ የእኛ ሥራ የተሰጠንን መሙላት ነበር። ግን ሽምብራቸውን እያበጠሩ፣ ሁለት በሬና አንዲት ላም በረት አስረው የተቀበሉኝን ሴት ከተሜ ብዬ የመዘገብኩት እኔ ነኝ። ያ በወረቀት የጠፋው ገጠር በመሬት ላይ ገና አልጠፋም ነበር። የጠፋው ከዚያ በኋላ፣ ዓይናችን እያየ፣ ቤት በቤት ነው።

ዛሬ እዚያው ለቡ እኖራለሁ፤ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። በረንዳዬ ላይ ስቆም የፉሪ ተራራ ይታየኛል። ታክሲ ተራ ስሄድ ረዳቱ "ለቡ መብራት! ለቡ መብራት!" ይላል። መብራት ኃይል የሚለው ስም በ1948 ዓ.ም. ከተቋቋመው የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ወዲህ በሕዝቡ አፍ የኖረ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በ2006 ለሁለት ሲከፈል እንኳ ሰው ስሙን አልለወጠም። ነፋስ ስልክ ደግሞ አባቶቻችን ሽቦ አልባውን የሬዲዮ ግንኙነት የጠሩበት ስም ነው፣ ድምፁ በነፋስ ይሄዳልና። ላፍቶ በኦሮምኛ የግራር ዓይነት ነው። እንግዲህ በአንድ አድራሻ ውስጥ ዛፍም፣ ሬዲዮም፣ ኤሌክትሪክም አለ። የአካባቢያችንን ታሪክ የጻፈው መጽሐፍ ሳይሆን የታክሲ ረዳት የሚጠራው ስም ነው እላለሁ።

ዕጣው ወጥቶልኝ ወደዚህ ስገባ መጀመሪያ ያደረግኩት አኮን መፈለግ ነው። ቤታቸው ቆሞ አገኘሁት። ዙሪያውን ግን ብሎኬት አጥርና ባለ ሁለት ፎቅ ቪላ ከቦታል፤ ማሳው የለም። አኮ ትንሽ ጎብጠዋል፤ ሳያመነቱ "ባዶ እግሯን የመጣችው ቆጣሪ" ብለው አወቁኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድ ነበር። ቤቱ ሦስት ዘመን እንዳለው የነገሩኝ በእነዚያ ቅዳሜዎች ነው።

የመጀመሪያው ቤት የሣር ክዳን ጎጆ ነው። አኮ ያገቡት የታኅሣሥ ግርግር በሆነ በዓመቱ ነው ይላሉ፤ ግርግሩ በ1953 ነው፣ እንግዲህ 1954 መሆኑ ነው። ባለቤታቸው እኩል አራሽ ነበሩ፤ ከሚያመርቱት ግማሹ ለባለ መሬቱ ይሄዳል። ጎጆው ክብ ነበር። ከግድግዳው ጋር ተያይዞ መደብ፣ መሃል ላይ ምድጃ፣ ከምድጃው ጎን ኡቱባው፣ ከኡቱባው ወዲያ ጥጆች። የለቡ ሌሊት ይበርዳል፤ ጥጃ ውጭ አያድርም። ገመዱ ሌሊቱን ሙሉ ምሰሶውን ሲፈትግ ያድራል፤ ያ ጠረብ የወጣው በዚህ ነው። ኡቱባውን ያመጡት አማታቸው ናቸው፣ ከፉሪ ግርጌ፣ ወይራና ጥድ ገና በቅርብ ሲገኝ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በኋላ ሁሉን ሸፈነው እንጂ፣ የሸዋ ቤት ጥንት የሚቆመው በወይራና በጥድ ነበር። አኮ ባሕር ዛፍን "የመንግሥት እንጨት" ይሉታል፤ ለምን እንዲያ እንደሚሉት አልጠየቅኋቸውም።

የሁለተኛው ቤት ምክንያት የመጣው በ1967 ነው። የካቲት 25 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሲያደርግ፣ የአኮ ባለቤት እኩል ማካፈላቸውን አቆሙ። ግማሹ እህል ቤት ውስጥ ቀረ። የእድገት በኅብረት ዘማቾች የገበሬ ማኅበሩን ባደራጁ በሦስተኛው ዓመት አራት ማዕዘን ቤት ተሠራ፣ ባለ ቆርቆሮ። ይኸ ለእኔ ትልቁ ነገር ነው። የመሬት ላራሹን ታሪክ በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ፣ በሰልፍ፣ በአዋጅ ቁጥር ተምሬዋለሁ፤ ሳስተምረውም ኖሬያለሁ። እዚህ ግን አዋጁ ጣራ ሆኖ ይታያል። ክቡ ጎጆ የእኩል አራሽ ቤት ነው፤ አራት ማዕዘኑ እህሉን የራሱ ያደረገ ሰው ቤት ነው።

እንዴት እንደተሠራ አኮ ሲያወሩ እጃቸው አያርፍም። አፈሩን ነው አስቀድመው የሚያነሡት። የለቡ ሜዳ ዋልካ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳ ላይ ቢመርጉት ገና ሳይደርቅ ይተረተራል። ስለዚህ የምርጊቱ አፈር ከፉሪ በኩል፣ ቡናማው፣ በአህያ ይጫናል። አጣናው ጉድጓድ ተቆፍሮለት ጎን ለጎን ይተከላል። ማገሩ ከውስጥም ከውጭም ይመታል፤ ምስማር ውድ በነበረበት ጊዜ በልጥ ይታሰር ነበር። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር በውኃ ይርስና በእግር ይረገጣል፤ ተሸፍኖ ያድራል፣ በማግስቱ ደግሞ ይረገጣል። "እስኪሸት ነው" ይላሉ አኮ። ያልሸተተ ጭቃ አይይዝም። ጭዱ በስብሶ አፈሩን እንደ ክር አስሮ ሲይዘው ነው ሽታው የሚመጣው። ከዚያ ደቦ ይጠራል። ወንዶቹ ከውጭ፣ ሴቶቹ ከውስጥ ሆነው በእጅ እያፈሱ ይመርጋሉ። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ መሰንጠቅ አለበት፤ ሁለተኛው ስንጥቁን ይሞላል። በመጨረሻ ደቃቅ አፈር ከእበት ጋር ተዋህዶ ይለሰናል። ያን ዕለት ስንት ሰው እንደመጣ አኮ አያስታውሱም፤ ስንት ጋን ጠላ እንዳለቀ ግን ያስታውሳሉ። አራት።

ኡቱባውም ከጎጆው ተነቅሎ ወደ አዲሱ ቤት ገባ። ከመሬት በታች የነበረውን ጫፉን ምስጥ ነክቶት ስለነበር ተቆርጦ ተጣለ፤ ምሰሶው አጠረ፣ ጠረቡም ወደ ወለሉ ወረደ። በ1999 ሳየው ከወለሉ ጥቂት ብቻ ከፍ ያለው ለዚህ ነው። የጥጃ ገመድ እንደዚያ ዝቅ ብሎ አይታሰርም፤ እኔም መጀመሪያ ግር ያለኝ እሱ ነበር።

የመሬት አዋጁ በወጣበት ዓመት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅም ወጥቷል። ቁጥሩ 47 ነው። መሃል ከተማ ያሉ ብዙ የጭቃ ቤቶች በዚህ አዋጅ ከባለቤት እጅ ወጡ፤ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ገቡ፣ ኪራያቸውም ተቀነሰ። በዚያ ኪራይ ጣራ መቀየር፣ ግድግዳ መምረግ እንደማይቻል ጊዜ አሳየ። የአዲስ አበባ ጭቃ ቤት ስሙ የጠፋው እዚያ ይመስለኛል። የአኮ ቤት በየሁለት ሦስት ዓመቱ ከመስቀል በፊት ይለሰን ነበር። ልጅነቴን ያሳለፍኩበት የቀበሌ ቤት ግን እኔ እስካድግ አንድ ቀን እንኳ ምርጊት አላየም። ጭቃው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ማን ይጠብቀዋል የሚለው ነው። "ጭቃ ቤት" የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ስሰማ ዛሬም ያመኛል።

ሦስተኛው ዘመን አጭር ነው፤ ቤቱ ሳይሆን ዙሪያው ነው የተለወጠው። በ1986 የከተማ ቦታ በሊዝ ይሰጥ ጀመር። በ1996 እና 97 የኮንዶሚኒየም ግንባታ ተጀመረ። ከጎናችን ጀሞ በሺህ በሚቆጠር ቤት ተሞላ። እዚህ ዋልካው እየተዛቀ በመኪና ወጣ፣ በምትኩ ሰሌክት የሚሉት የተመረጠ አፈር ተደለደለ፤ አኮ ያንን ቆመው አይተውታል፤ "ማሳውን ጫኑት" አሉኝ። መስከረም 25 ቀን 2009 ደግሞ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር መስመር በፉሪ ለቡ ጣቢያ ተመረቀ። የአኮ የመጀመሪያ ጎጆ በተሠራበት ሜዳ አጠገብ ባሕር የሚያደርስ ባቡር ቆመ።

ከመሬቱ የሚነሣ ገበሬ የሚከፈለው በሕግ የተሰላ ነው። በ1997 የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ያለፉትን አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ያባዛ ነበር። በ2011 እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ወስዶ በአሥራ አምስት ያባዛል። ቤት ደግሞ ዛሬ ቢሠራ ስንት ይፈጃል ተብሎ ይተመናል። አጣናው፣ ቆርቆሮው፣ በሩ፣ መስኮቱ ይቆጠራል። በዚያ ስሌት ኡቱባው አንድ እንጨት ነው፤ ከዚያ ሌላ ምን ሊሆን ይችል ነበር? ገማቹ ሊጽፈው የሚችል ዓምድ የለውም። እኔም አልነበረኝም።

የእህቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ በአንድ የገጠር ካውንቲ ነርስ ናት። ካውንቲ በግምት እንደ እኛ ወረዳ በሉት። ስለ አኮ ቤት ሳጫውታት፣ በሥራዋ መንገድ ላይ ያለ አንድ የገበሬ ቤት ፎቶ ላከችልኝ። የእንጨት ነው፣ ያረጀ ነው፣ ዓይን የሚስብ ነገር የለውም። በራፉ አጠገብ ግን የተሠራበትን ዓመት የሚናገር ትንሽ ሰሌዳ ተለጥፏል። እ.ኤ.አ. በ1966 በወጣ ሕግ የተቋቋመ የታሪካዊ ቦታዎች ብሔራዊ መዝገብ አላቸው፤ የባለ ሥልጣን ቤት ብቻ ሳይሆን የገበሬ ቤት፣ ጎተራ፣ ድልድይ ይመዘገብበታል። አብዛኛውን ጊዜ ሃምሳ ዓመት የሞላው ነገር ይበቃዋል። መመዝገቡ ብቻ ባለቤቱን ከማፍረስ አያግደውም። ግን ቤቱ ቢፈርስ እንኳ ልኩ፣ ፎቶውና የሠሪው ታሪክ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ቆጠራቸውም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1790 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ይቆጥራሉ፤ ቆጣሪው የጻፈው ገጽ 72 ዓመት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ለሕዝብ ይከፈታል። የ1950ው ቆጠራ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። አንድ የልጅ ልጅ የአያቱን ስም ቆጣሪው በጻፈው የእጅ ጽሑፍ ያነባል። ይህን ስትነግረኝ ያን የግንቦት ጠዋት፣ ጭቃ በነካው ጣቴ የያዝኩትን እርሳስ አሰብኩ። የእነሱም መዝገብ ሙሉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1862 የወጣው የሰፋሪዎች ሕግ ለአንድ ሰው 160 ኤከር፣ ወደ 65 ሄክታር ገደማ፣ አምስት ዓመት ኖሮ እንዲያለማ ሲሰጥ፣ የሚኒሶታ ጥንተ ነዋሪዎች ዳኮታዎች በቀጣዩ ዓመት በሕግ ከአገሩ ተባረሩ። የዚያ ካውንቲ የቤት መዝገብ የሚጀምረው ከሰፋሪው ቤት ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ድንኳን ሰሌዳ የለውም። መመዝገብ የሚገባው ማን እንደሆነ የሚወስነው ዘግይቶ የመጣው ሰው መሆኑ እዚያም እዚህም አንድ ነው። እኔም ለቡ ዘግይቼ ነው የመጣሁት፤ ስለዚህ ይመለከተኛል።

እኛም አገር ቅርስን የሚመለከት ሕግ አለን፤ አዋጅ ቁጥር 209 በ1992 ወጥቷል። በእሱ የምናስበው ግን የመኳንንቱን ቤት ነው። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል፤ ጉለሌ ያለው የሼህ ሆጀሌ ቤት በታሪክ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ደስ ይለኛል። እነዚያን ቤቶች ያቆመው ስንቅ የመጣው ግን እንደ አኮ ካለ ጎጆ ነው። አብዛኛው የአገሬ ሰው የኖረው በጎጆና በጭቃ ቤት ነው፤ ያ ቤት ሳይለካ ሲፈርስ አብዛኛው የአገሬ ሰው እንዴት እንደኖረ የሚናገር ነገር አብሮ ይሄዳል። ቤቶቹ ሁሉ እንዳሉ ይቁሙ አልልም። እኔ ራሴ በእነሱ ማሳ ላይ በተሠራ ፎቅ የምኖር ሰው ነኝ፤ የቧንቧ ውኃና መጸዳጃ ያለው ቤት ምን ያህል እንደሚያሳርፍ አውቃለሁ። የምለው አንድ ነገር ነው። ከመፍረሱ በፊት ግማሽ ቀን ይሰጠው። አንድ ሜትር፣ አንድ ስልክ ለፎቶ፣ ባለቤቱን የሚጠይቅ አንድ ሰው ይበቃል። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼን የአያቶቻቸውን ቤት ለክተው እንዲሥሉ አድርጌያለሁ። ሥዕሎቹ መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። ከልጆቹ አንዱ የጓዳውን በር ስፋት "አያቴ ጋን ይዛ የምታልፍበት ያህል" ብሎ ነው የጻፈው።

ይህን ማድረግ ደግሞ ቆጠራ እስኪመጣ አይጠብቅም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ይላል። አራተኛው በ2010 ይካሄዳል ተብሎ ተራዘመ፣ በ2011ም ተራዘመ። ዛሬ ስለ ክፍለ ከተማችን ሕዝብ የሚነገረው ቁጥር ሁሉ ከ1999 ተነሥቶ የተተነበየ ነው። ጀሞ ከመሙላቱ በፊት፣ ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት፣ እኔ ከመግባቴ በፊት የነበረው ለቡ ነው መነሻው። በዚያ መነሻ ውስጥ አኮ አሁንም ከነሽምብራቸው አሉ።

አንድ ቅዳሜ አኮ ቤቴን ሊያዩ መጡ። አራት ፎቅ በየእርከኑ እያረፉ ወጡ። ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቱን፣ በረንዳውን አዩ። የኤሌክትሪክ ምጣዴን ከፍተው ከደኑ። ከታች ያለውን የጋራ ማብሰያና የለቅሶ ቤት አሳይቻቸው ስለነበር "ለቅሶ ታች፣ እንጀራ ላይ" አሉ። ከዚያ መሃል ሳሎን ቆመው ጣራውን ሽቅብ አዩና፣

"ኡቱባው የታለ?" አሉኝ።

ጥግ ላይ ከግድግዳው ትንሽ ወጣ ያለውን ኮለን አሳየኋቸው። ከታች እስከ ላይ ያለውን ሕንፃ የተሸከመው እሱ ነው፣ ብረት አለው ውስጡ አልኳቸው። በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። "ይቀዘቅዛል" አሉ፣ ቁጭ ሲሉም እሱን ተደግፈው ነው።

ግቢያቸው ለመንገድ ሲፈለግና ቤቱ የሚፈርስበት ቀን ሲታወቅ ሜትሬን ይዤ ሄድኩ። የአኮ የልጅ ልጅ አንዱን ጫፍ ያዘልኝ። ውስጡ በርዝመት ሰባት ሜትር ከአሥር፣ በጎን አራት ሜትር ከሰማንያ አምስት። የግድግዳው ውፍረት አሥራ ስምንት ሳንቲ ሜትር፤ በበሩ ጎን ግን ሃያ ሁለት ይሆናል፣ እዚያ ልስኑ ከሌላው ቦታ ይልቅ ብዙ ጊዜ ተደራርቧል። የወደቀ ቁራሽ አንስቼ ጫፉን ሳየው ልስኑ እንደ እንጀራ ቁልል በስሱ ተነባብሯል። አሥራ ሰባት ድረስ ቆጥሬ ከዚያ በላይ ተፈረካከሰብኝ። ኡቱባውን ለካሁት፦ ከወለል እስከ ጣራ ሁለት ሜትር ከሰማንያ ስድስት፤ ጠረቡ ከወለሉ አሥራ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር።

ቆርቆሮው ተነቅሎ ተሸጠ። አጣናው ለማገዶ ሄደ። ኡቱባውን አኮ አላስነኩም፤ በአይሱዙ ተጭኖ ሰበታ መንገድ ላይ በተሰጣቸው ምትክ ቦታ ልጃቸው ወደሠራችው ቤት ሄደ። የብሎኬት ቤት ነው፤ ምሰሶ አያስፈልገውም። ልጃቸው ግን ከበረንዳው ጣራ ሥር አቆመችው። ምስጥ እንዳይደርስበትም ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ ያለ የሲሚንቶ መሠረት ሠርታለታለች።

ባለፈው ጥምቀት ማግስት ሄጄ ነበር። አኮ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነው፤ ኡቱባውን ተደግፈዋል። ሜትሬን ከቦርሳዬ ሳወጣ ዝም ብለው ፈቀቅ አሉልኝ። ጠረቡ ከወለሉ ስልሳ አንድ ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። "አሁን ጥጃ ይታሰርበታል" አሉ አኮ፣ ጣታቸውን ጠረቡ ውስጥ አስገብተው እያዞሩ።